«እስከ ጁሙዓ ውሻው ይውጣልኝ»

 

በዚህ ወር ለአምዳችን ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከለንደን የተላከ ነው። ጸሐፊዋ በዚያ ከተማ ብዙ ዓመት የኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው። የ19 ዓመቱ የበኩር ልጃቸው በትርፍ ሰዓቱ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ወደ አንድ የእንስሳት መጠለያ ሄዶ አንድ ጎልማሳ ውሻ ይረከብና ወረቀት ፈርሞ ቤት ይዞት ይገባል። የ11 ዓመቷ እኅቱ ደስታዋ ወሰን አጣ። አባት ማታ ከታክሲ ሥራቸው ሲመለሱ ውሻው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ያገኙታል። ጠቡ እንዴት እንደተጀመረ እናትየው በዝርዝር አልጻፉልንም፤ የተቋጨበትን ቃል ግን ጽፈውልናል፦ «ይህ ነጃሳ እስከ ጁሙዓ ከቤቴ ይውጣልኝ። አለዚያ እኔው ራሴ በመኪና ወስጄ ከከተማ ውጭ እለቀዋለሁ።»

እኅታችን ሦስት ነገር ይጠይቁናል። ባለቤታቸው የሚሉት ትክክል ነውን? ውሻውን ወስዶ መልቀቅስ ወንጀል አለበትን? ውሻው በተኛበት ሳሎንስ ሰላት ይሰገዳልን?

ወርኃዊ መጽሔት ነንና ይህ እትም እስኪወጣ ብዙ ጁሙዓ ያልፋል። ስለዚህ ለእኅታችን አጭር መልስ በቀጥታ ልከንላቸዋል። ጉዳዩ ግን የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ እዚህ ዘርዘር አድርገን እናየዋለን። እኛ አስተማሪ እንጂ ሙፍቲ አይደለንም፤ የዑለማእን ቃል ከየኪታቡ አምጥተን እናቀርባለን፣ የቀረውን እያንዳንዱ ቤተሰብ በአቅራቢያው ያለውን ዓሊም ይጠይቅ።

ከአባትየው እንጀምር። አባትየው የተናገሩት መሠረት የሌለው ነገር አይደለም። ለከብት ጥበቃ፣ ለአደን ወይም ለአዝመራ ካልሆነ በስተቀር ውሻ የሚያኖር ሰው ከመልካም ሥራው ምንዳ በየቀኑ አንድ ቂራጥ፣ በሌላ ዘገባ ደግሞ ሁለት ቂራጥ እንደሚጎድልበት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ውሻ ያለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡም እንዲሁ በሁለቱ ሰሒሖች ተዘግቧል። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ የመጀመሪያው በአፈር፣ እንዲታጠብ መታዘዙን የማያውቅ የመድረሳ ልጅ የለም። (ይህን ሐዲስ በማይክሮስኮፕ ሊያስረዱ የሚደክሙ ጽሑፎች አልፎ አልፎ ይደርሱናል፤ እኛ አንወዳቸውም። ትእዛዙ የነቢዩ መሆኑ ለሙእሚን ይበቃዋል፤ ዛሬ በጀርም ያስረዳነው ነገ ሌላ ጥናት ሲመጣ ሐዲሱን አብሮ የሚያነቃንቅ ይመስላል።)

በነጃሳነቱ ላይ መዝሀቦቹ አንድ ቃል አይደሉም። በሐረርና በባሌ፣ በብዙው የአገራችን ክፍልም የሚሠራበት የኢማሙ ሻፊዒይ መዝሀብ ውሻን ከነመላ አካሉ ነጃሳ ያደርገዋል። ሐነፊያዎች ምራቁን እንጂ ፀጉሩን ነጃሳ አይሉም። ማሊኪያዎች ደግሞ ውሻ በሕይወት እስካለ ንጹሕ ነው፣ ዕቃውን ማጠቡም ዒባዳ ስለሆነ ነው ባዮች ናቸው። ቤት ለመጠበቅ ውሻ ማኖርንም፣ ኢማሙ ነወዊን ጨምሮ ብዙዎች፣ በሐዲሱ ከተጠቀሱት ሦስት ጉዳዮች ጋር አመሳስለው ፈቅደዋል። ለጨዋታና ለጌጥ፣ ወይም ጎረቤት ስላለው ብቻ ማኖር ግን የተጠላ ወይም የተከለከለ ነው። ለንደን ውስጥ በፎቅ ቤት፣ ከብትም አዝመራም በሌለበት፣ ልጁ ያመጣው ውሻ ከዚህኛው ወገን ይመደባል። አባትየው በዚህ ትክክል ናቸው።

ልጁም ቢሆን ማስረጃ አላጣም። እናቱ እንደጻፉት ውሻውን ያመጣው «ስላሳዘነው» ነው። በውኃ ጥም ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አይቶ፣ ጉድጓድ ወርዶ፣ ጫማውን ውኃ ሞልቶ በጥርሱ ነክሶ ወጥቶ ያጠጣውን ሰው አላህ (ሱ.ወ.) እንደማረው የሚናገረውን ሐዲስ ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። ቁርኣን በሱረቱል ከህፍ የዋሻውን ወጣቶች ሲያወሳ ደጃፍ ላይ ክንዱን ዘርግቶ የተኛውን ውሻቸውንም አብሮ አውስቷል። በሱረቱል ማኢዳም የሠለጠነ ውሻ ይዞ ያመጣው አደን ሐላል መሆኑ ተነግሯል። በ309 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የባግዳዱ ጸሐፊ ኢብኑል መርዙባንም ውሾች ልብስ ከለበሱ ከብዙዎቹ እንደሚበልጡ በርዕሱ የሚናገር ኪታብ ጽፈዋል፤ ርዕሱ ስለ ውሻ ይመስላል እንጂ ነገሩ ስለ ከዳተኛ ወዳጅ ነው።

ነገር ግን ማዘንና ቤት ማኖር ሁለት ነገር ናቸው። ያ ሰው ውሻውን አጠጣው እንጂ ወደ ቤቱ አልወሰደውም። ውሻ ያሳዘነው ወጣት በመጠለያው ውስጥ በዕረፍት ቀኑ እያገለገለ ሊመግብና ሊያንሸራሽር፣ ከገንዘቡም ሊለግስ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ቂራጥ የማይጎድልበት፣ እንዲያውም ምንዳ የሚገኝበት ሥራ ነው። ልጁ ለማዘኑ አይወቀስም። አባቱና እናቱ በሚኖሩበት ቤት ሳያስፈቅድ ማድረጉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ አባትየው የተሳሳቱት «ወስጄ እለቀዋለሁ» ያሉ ጊዜ ነው። በብዙ ቤት የምናየው ስሕተት ይኸው ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንናገርበታለን። ብዙ ሰው «ማኖሩ የተጠላ ከሆነ መጣሉ ጽድቅ ነው» ብሎ ያስባል። ሸሪዓው እንዲህ አይልም። አንድ ጊዜ በእጅህ የገባ ሕይወት ያለው ፍጡር፣ አገባቡ ጥፋት ቢሆን እንኳ፣ ሐቅ አለው። በድመት ምክንያት የተቀጣችውን ሴት እናስታውስ፤ አሰረቻት፣ አልመገበቻትም፣ የምድር ነፍሳትን እንኳ ፈልጋ እንድትበላ አልለቀቀቻትም። «እነሆ ለመልቀቅ ማስረጃ» የሚል ይኖር ይሆናል። ድመት ግን አድና ትበላለች። ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው እጅ የበላን ውሻ፣ መኪና በሚተላለፍበት አውራ ጎዳና ዳር አውርዶ መሄድ፣ ከማሰር የሚለየው በገመዱ ብቻ ነው።

በ660 ዓመተ ሂጅራ (1262 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ላይ ያረፉት ታላቁ የሻፊዒያ ሊቅ ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ቆጥረዋል። ቢያረጅም ቢታመምም፣ ከእንግዲህ የማይጠቅም ቢሆንም እንኳ የሚበቃውን ቀለብ መስጠት፣ ከአቅሙ በላይ አለመጫን፣ ከሚጎዳው ከሌላ እንስሳ ጋር በአንድነት አለማኖር፣ ማረፊያውን ማሳመር ከቆጠሯቸው ውስጥ ናቸው። የሻፊዒያ ኪታቦች በተየሙም ምዕራፍ ውስጥ የሚያነሡት ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል። ሰውዬው ለውዱእ የሚሆን ጥቂት ውኃ ቢኖረው፣ ለአደን ወይም ለጥበቃ የያዘው ውሻ ደግሞ ቢጠማ፣ ውኃውን ለውሻው ሰጥቶ እርሱ በአፈር ተየሙም ያደርጋል። ልብ በሉ፤ ይህን የሚለው ውሻን ከነፀጉሩ ነጃሳ የሚያደርገው መዝሀብ ነው። ነጃሳነቱና ሐቁ በአንድ ኪታብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም።

የሚኖሩበት አገር ሕግም በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ2006 የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እንስሳ የያዘ ሰው አምስት ነገሮችን እንዲያሟላ ያስገድዳል፦ ተስማሚ ማረፊያ፣ ተስማሚ ምግብ፣ ተፈጥሮው እንደሚጠይቀው መንቀሳቀስና መጫወት፣ እንደ ጠባዩ ከሌሎች እንስሳት ጋር ወይም ለብቻው መኖር፣ ከሕመምና ከጉዳት መጠበቅ። የዒዝ ኢብን ዐብዱሰላምን ዝርዝር ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ይላል። ውሻን አውጥቶ መጣል በዚህ ሕግ ያስከስሳል፤ ጭካኔ የተፈጸመ እንደሆነ ቅጣቱ ከ2021 ወዲህ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። አባትየው በጨለማ ወስደው ቢለቁትም አይሰወርም። እያንዳንዱ ውሻ ማይክሮቺፕ በቆዳው ሥር እንዲቀበርለት በእንግሊዝ ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ፣ ያገኘው ሰው ወይም ማዘጋጃ ቤቱ መሣሪያ ቢያስነካው የባለቤቱ መዝገብ ይወጣል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም ደግሞ የአባትየው ሳይሆን የልጁ ነው። አባት ለለቀቁት ውሻ ፖሊስ የሚጠራው የ19 ዓመቱን ልጅ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በዚያው ሕግ መሠረት ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንስሳ ቢይዝ በሕግ ፊት ተጠያቂው አሳዳጊው ነው። «የልጄ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» ማለት አያድንም። ውሻው የ11 ዓመቷ እኅት ቢባል ኖሮ ኃላፊዎቹ አባትና እናት በሆኑ ነበር። በሸሪዓችንም ቢሆን እያንዳንዱ እረኛ ነው፣ ስለሚጠብቀውም ይጠየቃል። ለሕፃን እንስሳ የሚያመጣ ወላጅ፣ ሕፃኑ በሦስተኛው ሳምንት ሲሰለች የሚመግበውና የሚያጸዳው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጁ የፈረመውን ወረቀት ከመሳቢያው ያውጡትና ያንብቡት። በብሪታንያ የውሻ መጠለያ ሥራ የቆየ ነው። በባተርሲ ስም የሚታወቀው መጠለያ በ1860 እ.ኤ.አ. በአንዲት ሴት አነሣሽነት በሆሎዌይ ሠፈር ተጀምሮ በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛውሯል፤ እስከ ዛሬም ይሠራል። እነዚህ ድርጅቶች ውሻ እንደ ሱቅ ዕቃ አይሸጡም። ቤታችሁ ግቢ አለው ወይ? ሕፃን አለ ወይ? ውሻው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይቀመጣል? አከራያችሁ ፈቅዷል ወይ? እያሉ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም ውል ያስፈርማሉ። ብዙውን ጊዜ በውሉ ውስጥ ተረካቢው ማኖር ካልቻለ ውሻውን ለሌላ ሰው አሳልፎ እንዳይሰጥ፣ እንዳይሸጥ፣ ለመጠለያው እንዲመልስ የሚል ቃል ይገኛል። አባትየው በቁጣ ያላዩት በር ይህ ነው። ስልክ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ፣ ልጁ ራሱ ይዞት መሄድ፣ የመዝገቡን ስም ማስለወጥ፣ የተመለሰበትን ወረቀት መቀበል። ከጁሙዓ በፊት የሚያልቅ ነገር ነው። ወረፋ ካለ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈጅ ይሆናል፤ እስከዚያው ድረስ ውሻው ከሳሎን ወጥቶ ተስማሚ ቦታ ይሰጠው፣ ይመገብ፣ ውኃ ይቅረብለት። ውል መሙላት ሱረቱል ማኢዳ የተከፈተችበት ትእዛዝ ነው፤ የተዋዋልነው ሙስሊም ካልሆነ ድርጅት ጋር ቢሆንም አይቀልልንም።

ስለ ክፍያውም ጥያቄ ይነሣል። የውሻ ዋጋ መብላት በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ ሻፊዒያና ሐንበሊያ ሽያጩ አይጸናም ይላሉ፣ ሐነፊያ ጥቅም ባለው ውሻ ይፈቅዳሉ። መጠለያው የሚያስከፍለው ለክትባቱ፣ ለማምከኑ፣ ለማይክሮቺፑና ለቀለቡ ስለሆነ ከገበያ ዋጋ ይለያል። በሻፊዒያ ፊቅህም በእጁ ያለውን ነገር ለሌላ ለመልቀቅ ገንዘብ መቀበል «ኢኽቲሷስን መተው» ተብሎ ከሽያጭ ተለይቶ ይታያል፤ ውሻን በስጦታ መልክ ማስተላለፍም ይቻላል። በእኛ አስተያየት፣ ለጥበቃ ውሻ የግድ ያስፈለገው ሙስሊም ቡችላ እያራባ ከሚቸበችብ ነጋዴ ይልቅ ከመጠለያ ወይም ከጎረቤት ቢወስድ ከክርክሩ ይርቃል።

አሁን ደግሞ አገር ቤት ያለው አንባቢያችን «ይህ የፈረንጅ አገር ጣጣ ለእኔ ምኔ ነው?» እንዳይል። አዲስ አበባ ውስጥ «ተናካሽ ውሻ አለ» ተብሎ የተጻፈበት የብረት በር ስንቱ ነው? ከእነዚህ በሮች በስተኋላ ሙስሊም ቤቶችም አሉ። ለጥበቃ ነውና ማኖሩ ፈቃድ አለው እንበል። ኃላፊነቱስ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት አምልጦት ቢሆንም፣ ይህ ይደርሳል ብሎ ሊገምት የማይችለው ቢሆንም እንኳ። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የፈረንሳይ ሕግም ያመለጠ እንስሳ ያደረሰውን ጉዳት እንዲሁ በባለቤቱ ላይ ይጥላል። ስለዚህ «ዘበኛው በሩን ሳይዘጋው ቀርቶ ነው»፣ «ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» የሚለው ቃል ለሽምግልና ይጠቅም ይሆናል እንጂ ባለቤቱን ከካሣ አያወጣውም። በበር ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያም ቢሆን ማንበብ ለማይችል ሕፃን ምኑ ነው?

የፊቅህ ሊቃውንትም ይህን አስቀድመው አይተውታል። እንስሳ በራሱ ያደረሰው ጉዳት ካሣ እንደሌለው የሚናገር ሐዲስ አለ፤ ሊቃውንቱ ግን ይህ ባለቤቱ ቸልተኛ ባልሆነበት ጊዜ ነው ብለዋል። በ620 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብን ቁዳማ «አል ሙግኒ» በተባለው ኪታባቸው ተናካሽ ውሻ ይዞ የለቀቀ ሰው ውሻው ሰው ቢነክስ ተጠያቂ መሆኑን ጽፈዋል። በግቢው ሳለ ከሆነም ይለያያል። ሳያስፈቅድ የገባ ሰው ቢነከስ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ አስፈቅዶ የገባ እንግዳ ቢነከስ ግን ባለቤቱ ይከፍላል። የቆጣሪ አንባቢው፣ ጋዝ ያመጣው ልጅ፣ ለመውሊድ ወይም ለዒድ የተጠራው ዘመድ «ግቡ» ተብለው የገቡ ናቸው።

በእንግሊዝ ሕጉ ወደ እስር ቤትም ይወስዳል። በ1991 የወጣው የአደገኛ ውሾች ሕግ መጀመሪያ ለሕዝብ ቦታ ነበር፤ ከ2014 ጀምሮ ግን በግል ቤትና ግቢ ውስጥም ይሠራል። ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ውሻ ሰው ቢያቆስል ባለቤቱ እስከ 5 ዓመት፣ ሰው ቢገድል እስከ 14 ዓመት ሊፈረድበት ይችላል። በመንገድ ላይ የሚሄድ ውሻ የባለቤቱን ስምና አድራሻ የያዘ ማሰሪያ በአንገቱ ማድረግ አለበት። ጭራሽ የማይፈቀዱ ዘሮችም አሉ፤ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ያለ ልዩ የምስክር ወረቀት መያዝ በእንግሊዝና በዌልስ ከየካቲት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንጀል ነው። ወጣቶቻችን ውሻ ለማማረጥ ከመነሣታቸው በፊት ይህን ይወቁ።

በእኛ አገር ላይ የሚጨመረው ትልቁ ነገር የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ብሪታንያ በሽታውን ከውሾቿ ካጠፋች ቆይታለች፤ በኢትዮጵያ ግን ዛሬም ሰው ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፣ ከአሥሩ አራቱ ያህል ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው የሚያስተላልፈው በ100 ውስጥ 99 ጊዜ ውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ ልጅ የተነከሰ እንደሆነ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የባሕል መድኃኒት ፍለጋ ገጠር ለገጠር መዞር፣ ወይም «ቁርኣን ይቀራበት» ብሎ ሐኪም ሳያዩ መቅረት ሕይወት ያስከፍላል። ሩቅያው አይቅር፤ ክትባቱን ግን አይተካም። ነካሹ ውሻም ከተገኘ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ እንጂ በንዴት ተገድሎ አይጣል፤ በእነዚያ ቀናት ጤናማ ሆኖ ከቆየ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። የልጁ ክትባት ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም።

ውሻ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ አስከትቡ። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቆማል፤ በመርዝ መፍጀት ግን ያን ውጤት አያመጣም፣ የሞቱትን የሚተኩ ያልተከተቡ ውሾች ከሌላ ሠፈር ይመጣሉ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ውሾች ከፍጡራን ማኅበረሰቦች አንዱ መሆናቸውን ጠቅሰው ዘራቸው እንዲጠፋ አለማዘዛቸው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ፀሐይ ላይ አስሮ፣ ማታ «ጠብቅ» ብሎ መልቀቅም ጥበቃ አይሆንም። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ያልበላ ውሻ የሚጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል። ጎረቤቱ ከክፋቱ የማይተማመንበት ሰው ኢማን ምን ያህል እንደሚያሰጋ በሐዲስ ተነግሮናል፤ ሌሊቱን የሚያስነሣ ጩኸትና ሱብሒ ሰላት የሚሄደውን ሽማግሌ የሚያባርር ውሻ ከዚያ ክፋት ውጭ አይደሉም።

የደብዳቤዋ ባለቤት የትዳር ጓደኛ ታክሲ ነጂ መሆናቸው አንድ ነገር ያስታውሰናል። በውጭ ያሉ ብዙ ወንድሞቻችን የሚተዳደሩት በዚህ ሥራ ነው፤ «ውሻ የያዘ ተሳፋሪ ብንከለክልስ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ተሳፋሪው ዓይነ ስውር ሆኖ የሚመራው ውሻ ከሆነ መልሱ አጭር ነው። በብሪታንያ የ2010 የእኩልነት ሕግ ነጂው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጭነው ያስገድዳል፤ ነፃ የሚያወጣው በሕክምና ማስረጃ የተሰጠ የምስክር ወረቀት እንጂ «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» ማለት አይደለም። እምቢ ያለ እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል፣ ፈቃዱም ያሠጋዋል። በአሜሪካም በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በዚሁ መንገድ ያስገድዳል። ሃይማኖታችንስ ምን ብሎ ይከለክላል? የዓይነ ስውር መሪ ውሻ ከአደንና ከከብት ጥበቃ የማያንስ ችግር ይፈታል። በ2008 እ.ኤ.አ. በሌስተር ከተማ አንድ መስጊድ፣ የሙስሊም ሊቃውንት ምክር ተጠይቆበት፣ ዓይነ ስውር ሙስሊም ወጣት መሪ ውሻውን ይዞ እንዲመጣ ፈቅዶ ከመስገጃው አዳራሽ ውጭ ማረፊያ አዘጋጅቶለታል። መስጊድ ደጃፉን ከከፈተ ታክሲ ምን ያደርጋል? ወንበሩ ላይ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ከሰላት በፊት ልብስ መለወጥ ይቻላል።

የቀረው የእኅታችን ሦስተኛ ጥያቄ ነው፤ ሳሎኑ። ደረቅ ነጃሳ ደረቅ ነገር ቢነካ አይተላለፍም። ስለዚህ የውሻው ደረቅ ፀጉር የነካው ደረቅ ምንጣፍ በዚያ ብቻ አይነጀስም፤ የወደቀው ፀጉር ይለቀም ወይም ይጠረግ። ምራቁ ወይም እርጥብ አካሉ እንደነካው በእርግጠኝነት የሚታወቅ ቦታ ካለ በሻፊዒያ መዝሀብ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ አፈር በተቀላቀለበት ውኃ ነው፤ ሐነፊያዎች ነጃሳው እስኪለቅ በውኃ መታጠቡ ይበቃል ይላሉ። «ምናልባት ነክቶት ይሆናል» በሚል ጥርጣሬ ቤቱን ሁሉ ማጠብ አያስፈልግም፤ እርግጠኛ የሆነ ንጽሕና በጥርጣሬ አይፈርስም። ቦታው እስኪታጠብ ድረስም፣ ምንጣፉ ደረቅ ከሆነ፣ በላዩ ንጹሕ መስገጃ አንጥፎ መስገድ ይቻላል። ወሏሁ አዕለም።